የስም መመሳሰል ርስት አያስወርስም

በምሥራቅ ጐጃም፣ በደባይ ጥላት ግን ወረዳ የምትገኘው የቁይ ከተማ ስሟ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ይህ አጭር ስም ግን አንድ ቀን በከተማይቱ ሻይ ቤት ውስጥ ረጅም ክርክር ሲያስነሣ በሥፍራው ነበርሁ። ነገሩ በሣቅ የተጀመረ ቢሆንም ከጨዋታነት ያለፈ ቁም ነገር ያለበት መሆኑን ስለ ተረዳሁ፣ እነሆ ለአንባቢዎች አቀርበዋለሁ።

ክርክሩን ያስነሣው አንድ ተማሪ ነው። በእጅ ስልኩ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከፔሩ አገር የተላለፈ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲመለከት፣ በአንድ ምግብ ቤት ሰሌዳ ላይ በላቲን ፊደል «ኩይ» ተብሎ የተጻፈ ቃል አየና «ከተማችንን ጠብሰው በሉልን!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ሣቅን። ተማሪው ግን ወዲያው ቀልዱን ትቶ «እነዚህ ሰዎች እንደ እኛ ደገኞች ናቸው፤ እንደ እኛ ተራራ ያርሳሉ፤ ድንችና ገብስም ይዘራሉ። እንግዲህ ይህ ስም ከእኛ ካልሄደ ወይም ከእነርሱ ካልመጣ፣ እንዴት አንድ ሊሆን ቻለ?» ሲል ጠየቀ። አንዳንዱ «ጥንት ዘመድ ነበርን ማለት ነው» አለ፤ አንዳንዱም ገና ሳይመረምር አመነ።

በአጠገባችን ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዝም ብለው ሲያዳምጡ ከቆዩ በኋላ «ልጄ፣ እኔ በጕልምስናዬ በርስት ክርክር ዳኛ ፊት ቆሜ አውቃለሁ። 'የአያቴ ስም ከአቅኚው ስም ጋር አንድ ነውና መሬቱ ይገባኛል' ብሎ የመጣ ሰው አይቻለሁ። ዳኛው ግን 'ስሙን ተወውና ትውልዱን ቍጠር' አለው። ሰውየው መቍጠር አቃተው። የስም መመሳሰል ርስት አያስወርስም» አሉ።

እኔም በበኩሌ ተማሪውን ለማስተዛዘን አስቤ «አባቴ፣ እንዲያው 'ቁይ' የሚለው ስም 'ቆይ' ከሚለው ቃል የወጣ ይሆን?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ፈገግ ብለው «እርስዎም እንደ ልጁ ሊሆኑ ነው? መመሳሰሉንማ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ምስክርዎ ማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የእኒህ ሽማግሌ አነጋገር የቋንቋ ሊቃውንት ብዙ መጻሕፍት ጽፈው ያስረዱትን ነገር ባጭሩ የያዘ ነው። እንደሚታወቀው በጐጃም የርስት ሥርዓት በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ እስከ ቀረ ድረስ፣ ርስት የሚጠይቅ ሰው ከመሬቱ አቅኚ አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቈጥሮ ማስረዳት ነበረበት። በአንድ ደብር ውስጥ ብዙ ገብረ ማርያምና ብዙ ወልደ ሚካኤል ስለሚገኝ፣ ስም ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም ነበር። የቃላትም ነገር እንዲሁ ነው።

ኩይ ምንድን ነው?

በፔሩ፣ በኤኳዶርና በቦሊቪያ ደጋዎች የሚኖሩ ሕዝቦች «ኩይ» የሚሉት ከአይጥ የሚተልቅ፣ ከጥንቸል የሚያንስ፣ ጅራት የሌለው የቤት እንስሳ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ እያረቡ ሥጋውን ይበሉታል። ስሙ በአገሬው በኬቿ ቋንቋ «ቁዊ» ወደሚል የሚጠጋ ሲሆን፣ እስፓኞች በራሳቸው አነጋገር «ኩይ» አሉት። ይህ እንግዲህ የአንድ እንስሳ ስም ነው፤ የእኛይቱ ቁይ ደግሞ ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ሰፊ ውቅያኖስ አለ፤ ቃሉን ተሸክሞ ከወዲያ ወዲህ የተሻገረ ሰው ስለ መኖሩም አንድም ምስክር የለም።

ከዚህም በላይ የሚያስገርም ነገር አለ። በኩዝኮ አካባቢ የሚነገረው የኬቿ ቋንቋ እንደ እኛ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጰ» ያሉ የሚፈነዱ ድምፆች አሉት። ለአውሮፓ ሰው አፍ የሚከብዱት እነዚህ ድምፆች ለኩዝኮ ገበሬ እንደ እኛው ቀላል ናቸው። ተማሪው ይህን ቢሰማ ኖሮ «ይኸው ዘመድነታችን ተረጋገጠ!» ባለ ነበር። ነገር ግን ድምፅን መጋራትም ቢሆን ዝምድና አይደለም፤ የሰው ልጅ ጕሮሮ፣ ምላስና ከንፈር በሁሉም አገር አንድ ዓይነት በመሆኑ የመጣ ነው።

በዓለም ላይ ወደ ሰባት ሺህ የሚጠጉ ቋንቋዎች ይነገራሉ። እያንዳንዱ ብዙ ሺህ ቃላት አሉት። አፍ የሚያወጣቸው ድምፆች ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ድምፅ ብቻ ያለው አጭር ቃል በሁለት ባዕዳን ቋንቋዎች ውስጥ መገኘቱ የማይቀር ነገር ነው፤ ሊያስደንቀን የሚገባውስ ባይገኝ ኖሮ ነበር።

አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም ድምፁ ብቻ ሳይሆን ፍቺውም ጭምር ይገጥማል። በአውስትራልያ ምባባራም በተባለው ቋንቋ ውሻ «ዶግ» ይባላል። እንግሊዞችም ውሻን «ዶግ» እንደሚሉት የታወቀ ነው። ይሁንና የአውስትራልያው ቃል ከእንግሊዝ የተወሰደ አይደለም፤ በጎረቤት ቋንቋዎች «ጉዳጋ» ተብሎ የሚጠራው የጥንት ቃል በዘመናት ብዛት ፊቱም መጨረሻውም እየተቈረጠ ያን መሰለ። ይህን ያወቅነው ትውልዱ ስለ ተቈጠረ ነው፤ ባይቈጠር ኖሮ ስንቱ ሊቅ በተሳሳተ ነበር!

ማርና መራራ

ቃላት የሚመሳሰሉባቸው መንገዶች በመሠረቱ ሦስት ናቸው። አንደኛው ዝምድና ነው፤ ሁለተኛው ብድር ነው፤ ሦስተኛው አጋጣሚ ነው። ስሕተት የሚመጣው ሦስተኛውን እንደ አንደኛው ስንቈጥር ነው።

ለጐጃም ሰው ከማር የበለጠ ምሳሌ አይገኝምና በእርሱ እንጀምር። በዕብራይስጥ «ማር» የሚል ቃል አለ፤ ፍቺው ግን «መራራ» ማለት ነው። ዕብራይስጥና አማርኛ ሁለቱም ሴማውያን ስለ ሆኑ፣ አንድ ችኩል ሰው «ጣፋጩ እንዴት መራራ ሆነ?» ብሎ ምሥጢር ሊፈልግለት ይነሣል። ምሥጢር ግን የለበትም። የእኛ «ማር» በግዕዝ «መዓር» ነበረ፤ በመካከሉ ያለው «ዓ» በአማርኛ ስለ ተዋጠ አጠረ። የዕብራይስጡ «ማር» እውነተኛ ወንድም ግን የእኛው «መራራ» ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መልኩ አንድ የሆነው ባዕድ ነው፤ መልኩ የተለየው ዘመድ ነው። እንደዚሁም «ራስ» የምንለው በዕብራይስጥ «ሮሽ»፣ በዐረብኛ «ረእስ» ይባላል። ሦስቱም የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን መልካቸው ልክ በልክ አንድ አይደለም።

ብድርም የራሱ ጠባይ አለው። «ጠረጴዛ» የምንለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ነው። ነገር ግን ዛሬ አቴና የሚገባ ኢትዮጵያዊ «ትራፔዛ» የሚል ጽሑፍ በትልልቅ ሕንፃ ላይ ቢያይና የጠረጴዛ መሸጫ ነው ብሎ ቢገባ፣ ባንክ ውስጥ ራሱን ያገኛል። ገንዘብ ለዋጮች በጥንት ዘመን በጠረጴዛ ላይ ይሠሩ ስለ ነበር ቃሉ በዚያ ወደ ባንክነት ተሻገረ፤ በእኛ ዘንድ ግን ዕቃ ሆኖ ቀረ።

አጋጣሚውን ለማየት ደግሞ ወደ አዝመራው ዳር እንሂድ። በእኛ ገበሬ ዘንድ «ማማ» ማለት ሰብልን ከወፍና ከዝንጀሮ ለመጠበቅ በእንጨት ከፍ ተደርጎ የሚሠራ መጠበቂያ ነው። በብዙ የዓለም ቋንቋዎች «ማማ» እናት ስትሆን፣ በካውካሰስ ተራሮች በሚገኘው በጆርጂያ አገር ግን «ማማ» ማለት አባት ነው፤ እናት «ደዳ» ትባላለች። ሮማን ያኮብሰን የተባለው የታወቀ የቋንቋ ሊቅ በ1960 እ.ኤ.አ. በታተመው ጽሑፉ እንዳስረዳው፣ «ማ» እና «ባ»ን የመሰሉ ድምፆች ሕፃን በመጀመሪያ የሚያወጣቸው ናቸው፤ ወላጆችም ራሳቸውን የጠራቸው እየመሰላቸው ይቀበሉታል። ስለዚህ የጆርጂያው አባት ለራሱ ወሰደው፤ የሌላው አገር እናት ለራስዋ ወሰደችው። የእኛ ገበሬ ግን ከሁለቱም ሳይሆን ከሰብሉ ጋር ነው።

አባይ በሁለት አህጉር

ጐጃምን እንደ መቀነት የከበበው የአባይ ስም፣ በተለይ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ የታወቀ ሆኗል። ነገር ግን በዚህ ስም የሚጠራ ሌላም ሞልቷል። በካዛክስታን «አባይ» ታላቅ ባለቅኔ ነው፤ ከ1845 እስከ 1904 እ.ኤ.አ. የኖረ ሲሆን፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በስሙ አንድ ክፍለ ሀገር ተቋቁሟል። ቃሉ በአገሩ ቋንቋ «ጥንቁቅ» እንደ ማለት ነው። በፊሊፒንስ በታጋሎግ ቋንቋ ደግሞ «አባይ» በሠርግ ቀን ሙሽሮችን የሚያጅብ ሚዜ ነው። በትግርኛ «ዓባይ» ታላቅ የሆነች፣ እንዲሁም ሴት አያት ማለት ነው። በእኛው በአማርኛ እንኳ ከወንዙ ሌላ ሐሰተኛ ሰው «አባይ» ይባላል፤ «አበለ» ማለት ዋሸ ማለት ነውና።

ስለዚህ አንድ እንግዳ መዝገበ ቃላት ይዞ «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት ቢተረጕም «የውሸታሙ ልጅ ተጠማ» ሊል ይችላል። ሰዋስዉን አልሳተም፤ አገሩን ግን ስቷል። ወንዙ አጠገቡ ሳለ የተጠማውን ሰው ኀዘን የሚያውቅ፣ ተረቱ ስለ ማን እንደ ተነገረ አይጠፋውም።

ገና መቼ ነው?

እስካሁን የተናገርነው ለጨዋታ የሚስማማ ነው። በአገር ውስጥ ግን ነገሩ ገንዘብና ፍርድ ይነካል። ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት አገር ስለ ሆነች፣ አንድ ድምፅ በሁለት ጎረቤታሞች ጆሮ ሁለት ነገር መሆኑ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው።

ለምሳሌ ሁለት ነጋዴዎች ቢበዳደሩና ተበዳሪው «በገና እከፍላለሁ» ቢል፣ አማርኛ ተናጋሪው ታኅሣሥ 29 ቀን የሚከበረውን የልደት በዓል ይጠብቃል። በአፋን ኦሮሞ ግን «ገና» ማለት ክረምት ነው። ሁለቱ ጊዜያት በግማሽ ዓመት ያህል ይራራቃሉ። አንዱ ዕዳዬ ቀረ ብሎ ይከሳል፤ ሌላው ገና ጊዜዬ አልደረሰም ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አማርኛና አፋን ኦሮሞ እጅግ በራቀ ዘመን አፍሮ እስያዊ በተባለው ታላቅ ቤተሰብ የሚገናኙ ናቸው፤ አንዱ በሴማዊው፣ ሌላው በኩሻዊው ቅርንጫፍ ነው። ይህ ቃል ግን በዚያ ዝምድና የመጣ አይደለም፤ የበዓሉ ስም መነሻው ልደት የሚል ፍቺ ያለው የግሪክኛ ቃል መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ።

እንደዚሁም በአፋን ኦሮሞ «ቢራ» ማለት ክረምት አልፎ ሜዳው በአበባ የሚያጌጥበት ወራት ነው። አማርኛው «ቢራ» ደግሞ ከጣልያንኛ የተወሰደ የመጠጥ ስም ነው። «ቢራ መጣ» ቢባል አንዱ የሚደሰተው በአበባው፣ ሌላው በጠርሙሱ ነው።

በገበያ ያለው አለመግባባት በሽማግሌ ይታረቃል። በፍርድ ቤት ግን የሰው ነፃነት ይጠፋበታል፤ በሐኪም ቤትም ሕይወት ያልፍበታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፣ የክሱ ሂደት በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲደረግለት መብት የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አስተርጓሚ ማለት ደግሞ ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ሁሉ አይደለም፤ አንድ የመሰለው ቃል ሁለት ሊሆን እንደሚችል የሚጠራጠር ሰው ነው።

የቦታ ስምና የሰው ክርክር

ከሁሉ ይልቅ አሳሳቢው የቦታ ስም ነገር ነው። በዛሬው ጊዜ ብዙ ሰው የአንድን አምባ፣ የአንድን ወንዝ ወይም የአንድን ሠፈር ስም በራሱ ቋንቋ እየፈታ «ይህ መሬት የእኛ ለመሆኑ ስሙ ይመሰክራል» ይላል። ሌላው ደግሞ ያንኑ ስም በሌላ ቋንቋ ፈትቶ በተቃራኒው ይከራከራል። ክርክሩም ከቃል አልፎ ወደ ቍጣ ሲደርስ እየታየ ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት አዲስ አበባን ብንመለከት ይበቃል። በከተማይቱ አካባቢ ለገጣፎና ለገዳዲ የተባሉ ቦታዎች አሉ። በአፋን ኦሮሞ «ለገ» ወንዝ ማለት ስለ ሆነ የእነዚህ ስሞች አባት የታወቀ ነው። በከተማይቱ መካከል ደግሞ ለገሀር አለ። ጆሮ ብቻውን ቢፈርድ ለገሀርም ሦስተኛ ወንድማቸው ነው። ነገር ግን ለገሀር የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ «ላ ጋር» ማለት የባቡር ጣቢያ ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ጣቢያው ለሠፈሩ ስሙን አወረሰው፤ የከተማውም ሕዝብ በአፉ አለሳለሰው።

ታዲያ ይህ ምሳሌ በአንድ ወገን ብቻ የሚቈርጥ አይደለም። ለገሀር ወንዝ እንዳልሆነ ሁሉ ለገጣፎም የባቡር ጣቢያ አይደለም። እንዲሁም አማርኛ ተናጋሪው «ለጋ ቅቤ» ከሚለው የራሱ ቃል ተነሥቶ «ለገዳዲ ማለት ለጋ የሆነ ነገር ነው» ቢል፣ ባለቤት ያለውን ቃል ያለ ባለቤት መውሰዱ ነው። እያንዳንዱ ስም በራሱ ምስክር ይፈረድለታል። ምስክሩም የጥንት ጽሑፍ፣ የአገሬው አነጋገር፣ የድምፁ አለዋወጥና የሠፈሩ ታሪክ ነው። ይህ ሁሉ ተገኝቶ የስሙ አባት ቢታወቅ እንኳ፣ ስም የሰጠ ሕዝብ በዚያ መኖሩን ያስረዳል እንጂ ዛሬ በዚያ የሚኖረውን ጎረቤት ለማባረር ፍርድ አይሆንም።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ከአማርኛ ጋር አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ አመልክቷል። አንድ ደብዳቤ በብዙ ቋንቋ የሚጻፍ ከሆነ፣ መልካቸው አንድ ፍቺያቸው ልዩ የሆኑ ቃላትን ለይቶ የሚያሳይ መጽሐፍ ለጸሐፊዎች፣ ለዳኞችና ለሐኪሞች የግድ ያስፈልጋል። የእጅ ስልክ ይተረጕምልናል ብሎ መዝናናትም አይገባም። የጉግል የትርጕም መሣሪያ አማርኛን በ2016፣ አፋን ኦሮሞንና ትግርኛን ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ጨምሯል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ቃልን የሚያውቀው ከብዙ ጽሑፍ ውስጥ ጎረቤቶቹን አይቶ ነው። ጽሑፍ ባነሰበት ቋንቋ ጎረቤት ያንሳል፤ ጎረቤት ሲያንስም ምስክር ይጠፋል፤ ምስክር ሲጠፋም የሚፈረደው በመልክ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ቃል ከሌላው ጋር ተመሳስሎ ስናገኘው ከመደነቃችን ወይም ከመቈጣታችን በፊት ሦስት ጥያቄ ብንጠይቅ መልካም ነው። ቃሉ የማን ነው? ከየት መጣ? አሁንስ በምን ነገር ውስጥ ተነገረ? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የሌላውን ቋንቋ ባለቤት ቀርቦ ማነጋገር ግን ያስፈልጋል።

በቁይ ሻይ ቤት የነበረው ተማሪ በመጨረሻ «እሺ አባባ፣ ዘመድ አይደለንም እንበል። ታዲያ ይህ ሁሉ መመሳሰል ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ሽማግሌውን ጠየቃቸው። እርሳቸውም ጋቢያቸውን አስተካክለው «ለሰላምታ ይጠቅማል። የፔሩን ሰው ብታገኘው የከተማህን ስም ንገረው፤ ይሥቃል፤ ያን ጊዜ ወዳጅ ትሆናላችሁ። ርስቱን ግን አትጠይቀው» አሉት።